ሪቻርድ 3ኛ የወንድሙን ልጅ ሊያገባ ነበር የሚባለው ወሬ፦ ማስረጃ ያለው ይምጣ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ በዩቲዩብም በቴሌግራምም የሚወራ አንድ ነገር አለ፣ በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛልና እሱን ይዤ መጣሁ። ሚስቱ ንግሥት አን ኔቪል ታማ ተኝታ እያለች የገዛ ወንድሙን ልጅ ኤልሳቤጥን ሊያገባ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እንዲያውም ሚስቱን በመርዝ የገደላት ለዚህ ነው ይባላል፣ ይሄው ተረጋግጦ እንዳለቀ ነገር ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው ይገለበጣል። የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ወሬው በ1485 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ለንደን ውስጥ በእርግጥ ነበረ፣ ጋብቻው ግን የንጉሡ እቅድ ለመሆኑ የረባ ማስረጃ የለም፣ ያለው ማስረጃ የሚያመለክተው ወደ ሌላ አገር ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ። ኤድዋርድ 4ኛ ኤፕሪል 9 ቀን 1483 ሞተ፣ አልጋው ለ12 ዓመት ልጁ ለኤድዋርድ 5ኛ ወረደ። አጎትየው ሪቻርድ ሞግዚት ሆኖ ጀመረና ወዲያው ነገሩ ተገለበጠ፣ ሟቹ ንጉሥ ኤልሳቤጥ ውድቪልን ከማግባቱ በፊት ለሌላ ሴት ለኤሌኖር በትለር የጋብቻ ቃል ገብቶላት ነበር፣ ስለዚህ ከውድቪል የወለዳቸው ሁሉ ዲቃላ ናቸው ተባለና ሪቻርድ ጁላይ 6 ዘውድ ጫነ። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ለንደን ግንብ ውስጥ ገብተው በዚያው ቀሩ። እናትየው ሴቶቹን ይዛ ዌስትሚንስተር ደብር ተማጥና ከረመች፣ የወጡትም ማርች 1 ቀን 1484 ሪቻርድ እንደማይጎዳቸው በአደባባይ ከማለ በኋላ ነው። ከሴቶቹ ትልቋ እንግዲህ የኛዋ ኤልሳቤጥ ናት።

ከዚያ በኋላ መዓት ተከታተለ። በኤፕሪል 1484 የሪቻርድና የአን አንድያ ልጅ ሞተ። በዚያው ዓመት በገና በዓል ለንግሥቲቱና ለኤልሳቤጥ በቀለምም በስፌትም አንድ ዓይነት ልብስ ተሰጣቸው፣ ቤተ መንግሥቱ ማውራት ጀመረ። ማርች 16 ቀን 1485 አን አረፈች። ማርች 30 ደግሞ ሪቻርድ ክለርከንዌል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ቤት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ በለንደን ከንቲባና በከተማው ሰው ፊት ቆሞ የወንድሙን ልጅ ላግባ ብሎ እንደማያውቅ፣ በሚስቱም ሞት እንዳልተደሰተ ተናገረ። ሚስቱ ከሞተች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። አንድ ንጉሥ በሐዘኑ ወቅት እንዲህ ያለ ነገር ለማስተባበል አደባባይ እስኪወጣ ድረስ ወሬው ምን ያህል ከፍቶ እንደነበር አስቡት። እስቲ ሐሳባችሁን አምጡ፣ ስድብ ግን ይቅር።

(መልሶቹ በጣም ስለበዙ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዳይጠፋበት በቁጥራቸው እየጠራሁ እዚሁ ላይ እተርካቸዋለሁ፣ ያልኩትንም እጨምራለሁ።)

1ኛ መልስ የሰጠው ወንድማችን አመስግኖኝ ዕድሜያቸውን አስታወሰ፣ ኤልሳቤጥ 19 ዓመቷ ሪቻርድ 32 ነበሩ፣ ስለዚህ ሽማግሌ ንጉሥ ልጅ እግር ሲያሳድድ እየተባለ የሚሳለው ምስል ከመነሻው ልክ አይደለም አለ። ስለ ልብሱና ስለ ገናው የጻፈው ማን እንደሆነም ጠየቀ። የክሮውላንድ ገዳም ዜና መዋዕል እንደሆነ ነገርኩት፣ ስለዚህ ጸሐፊ በኋላ ብዙ ተባብለናል።

2ኛው ላይ የመጣው ሰው ሰላምታም የለው። ሰው ያላሰበውን ነገር ከንቲባ ሰብስቦ አይክድም፣ መካዱ ራሱ ማመኑ ነው፣ እናንተ ለነፍሰ ገዳይ ጠበቃ የቆማችሁ ናችሁ ብሎ ዘጋው። 3ኛዋ እህታችን ግን ረጋ ብላ መለሰችለት። በዚህ ስሌት ከሄድን የታማ ሰው ሁሉ ዝም ቢል ጥፋተኛ፣ ቢናገርም ጥፋተኛ ይሆናል፣ መውጫ የለውም አለች። ቀጥላም ማስተባበያው ከዜና መዋዕሉ ውጪ በለንደን የሐርና የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር መዝገብ ላይ እንደሰፈረ፣ በኤፕሪል 5 ደግሞ ንጉሡ ለዮርክ ከተማ ደብዳቤ ልኮ ሐሜት የሚነዙትንና ጽሑፍ የሚለጥፉትን እንዲይዙ እንዳዘዘ አስረዳች። እኔ ለዚህ ነው ወሬው እውነት ነበረ የምለው፣ የመንግሥት ራስ ምታት ሆኖ ነበር። የዮርክን ነገር በተለይ አስተውሉት፣ ዮርክ ማለት የሪቻርድ የራሱ አገር ነው፣ ከየትም ይልቅ የሚወደድበት፣ እዚያ ደርሶ ከነበረ የትም ደርሷል።

4ኛው ልጅ ኤልሳቤጥን ከንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ጋር አምታቷት ሳታገባ የሞተችው እሷ አይደለችም ወይ ብሎ ጠየቀ፣ 5ኛው በትሕትና አረመው። ይቺ የዮርክ ኤልሳቤጥ ናት፣ የሄንሪ 8ኛ እናት፣ የኤልሳቤጥ 1ኛ አያት ማለት ነው።

6ኛ መልስ የሰጡን አንድ አባት ናቸው፣ አጻጻፋቸው የድሮ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ተቆጥሮ በሚጋቡበት አገር የወንድም ልጅ ማለት ልጅ ማለት ነው፣ አጎት ሊድራት እንጂ ሊያገባት አይታሰብም፣ የነሱ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ወሬውን እንኳ ቻለችው ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ለክሩ ትልቅ ጥቅም ነበረው። 7ኛው ላይ የሃይማኖት ታሪክ ያጠና የሚመስል ሰው መለሰላቸው፣ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በድሮ ጊዜ እስከ ሰባተኛ ትውልድ ትከለክል እንደነበር፣ በ1215 በአራተኛው የላተራን ጉባኤ ክልከላው ወደ አራት እንደወረደ፣ ከዚያ ወዲህ ላለው ዝምድና ከሮማው ፓፓ ልዩ ፈቃድ ይጠየቅ እንደነበር ዘረዘረ። ሪቻርድና አን ራሳቸው ዘመዳሞች ናቸው፣ የሪቻርድ እናት የአን አያት እህት ናት፣ እነሱም በፈቃድ ነው የሚጋቡት። አጎትና የወንድም ልጅ ግን ሌላ ነው። ክሮውላንድ እንደሚለው አማካሪዎቹ ከአሥራ ሁለት በላይ የነገረ መለኮት ሊቃውንት አምጥተው ፓፓውም ቢሆን በዚህ ዝምድና ላይ መፍቀድ አይችልም አሰኝተውታል።

8ኛው በዚህ ተናደደ። ፓፓ የማይፈቅደው ነገር የለም፣ ገንዘብና ጉልበት ካለ ሁሉም ይፈቀዳል አለና የኔፕልሱ ፈርዲናንድ 2ኛ በ1496 የአባቱን እህት እንዳገባ፣ የስፔኑ ፊሊፕ 2ኛ በ1570 የእህቱን ልጅ አናን እንዳገባ ጠቀሰ። ሁለቱም እውነት ነው። 9ኛዋ ግን ዓመቶቹን ተመልከት አለችው፣ ሁለቱም ከ1485 በኋላ የሆኑ ናቸው፣ ስለዚህ የለንደን ሰው በዚያን ጊዜ እነዚህን አይቶ ይቻላል ሊል አይችልም፣ ሲሰማ የሚዘገንነው ነገር ነው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፣ የወሬው ጉልበት ያለው በመዘግነኑ ላይ ነው፣ ነውር ባይሆን ኖሮ ማን ያወራው ነበር።

አሁን 10ኛው። ይሄን ሰው አላውቀውም፣ ግን የክሩ ምርጥ መልስ የሱ ነው፣ ሁለቴ አንብቡት። በጃንዋሪ 1484 ፓርላማው የኤድዋርድ 4ኛን ጋብቻ ውድቅ የሚያደርገውን አዋጅ አጸደቀ፣ የሪቻርድ ዙፋን ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ አዋጅ ላይ ነው፣ በዚህ አዋጅ ደግሞ ኤልሳቤጥ ዲቃላ ናት። ዲቃላ ሆና ካገባት የንጉሥ ልጅ አግብቶ የሚያገኘው ክብር የለም፣ ትርፉ ነውሩ ብቻ ነው። አዋጁን ሽሮ ሕጋዊ ልጅ ካደረጋት ደግሞ ወንድሞቿም አብረው ሕጋዊ ይሆናሉ፣ ያን ጊዜ ኤድዋርድ 5ኛ እውነተኛ ንጉሥ ነበረ ማለት ነው፣ ሪቻርድ ደግሞ ዙፋን ቀማኛ። እና የት ሄዱ ልጆቹ ተብሎ ይጠየቃል። በሁለቱም በኩል ገደል ነው ያለው። የሪቻርድ ተቀናቃኝ የነበረው ሄንሪ ቱዶር በኋላ ሪቻርድን ጥሎ ሄንሪ 7ኛ ተብሎ ሲነግሥ ያደረገውን ማየት በቂ ነው፣ ኤልሳቤጥን ከማግባቱ በፊት ያን አዋጅ ሳይነበብ አስሻረው፣ ቅጂዎቹም እንዲቃጠሉ አዘዘ። ለሄንሪ ይሄ ቀላል ነበር፣ ለሪቻርድ ግን ራስን መስቀል ነው።

11ኛው ይሄን ተቀብሎ ግን አልተስማማም፣ በጨዋነት ነው የተከራከረው። ሪቻርድ ከጋብቻው ማግኘት ሳይሆን ማሳጣት ፈልጎ ሊሆን ይችላል አለ። ሄንሪ ቱዶር በ1483 በገና ዕለት ብሪታኒ ውስጥ ሬን ካቴድራል ገብቶ ኤልሳቤጥን አገባለሁ ብሎ ምሏል፣ የኤድዋርድ 4ኛ ወገን የነበሩት ስደተኞችም የተከተሉት ለዚህ መሐላ ሲሉ ነው፣ ልጅቱን ከእጁ ማውጣት ብቻውን ትልቅ ድል ነበር። 12ኛው ጨመረበት፣ ፖሊዶር ቨርጂል የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው ወሬው ፈረንሳይ ሲደርስ ሄንሪ ክፉኛ ደንግጦ ከኸርበርት ቤተሰብ ሌላ ሚስት እስከ ማፈላለግ ደርሷል። ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን እኔ እንዲህ መለስኩ፦ ልጅቱን ከሄንሪ ለመንጠቅ ራሱ ማግባት የለበትም፣ ለሌላ መዳር ይችላል። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ 18ኛው ላይ ይመጣል።

13ኛዋ ያመጣችው ነገር ሐሜቱን ማን ተጠቀመበት የሚለውን ያሳያል። ንጉሡን ፊት ለፊት ተጋፍጠው ካድ ያሉት ካትስቢና ራትክሊፍ ናቸው፣ ቀኝ እጆቹ። የሰሜን ሰው ንግሥት አንን በእመቤትነት የሚያያት የኔቪል ቤት ልጅ ስለሆነች ነው፣ ኤልሳቤጥን ካገባህ ሚስቱን ገደለ ብለው ይነሱብሃል አሉት። ግን እነሱም የራሳቸው ፍርሃት ነበራቸው። በጁን 1483 የኤልሳቤጥ አጎት አንቶኒ ውድቪልና በእናቷ በኩል ወንድሟ የሆነው ሪቻርድ ግሬይ ፖንትፍራክት ላይ አንገታቸው ተቀልቷል፣ እነዚህ ሰዎች ያንን ከመከሩት ውስጥ ናቸው፣ ልጅቱ ንግሥት ብትሆን ደሙን ትፈላለገናለች ብለው ሰግተዋል። ክሮውላንድ ይሄን በግልጽ ነው የጻፈው። እኔ እዚህ ላይ ያልኩት፣ የሚፈሩት ነገር ሊሆን ነው ብለው ማመናቸው ሐሳቡ የንጉሡ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፣ የፈራ ሰው ጥላም ያስደነብረዋል።

14ኛው ግን ጠንከር ያለ ተቃውሞ አቀረበ፣ እውነቱን ለመናገር እስካሁን ከቀረበብኝ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። የክሮውላንድ ጸሐፊ ተራ መነኩሴ አይደለም፣ የቤተ መንግሥቱን ምሥጢር የሚያውቅ የጽሕፈት ቤት ሰው ነው የሚመስለው፣ እሱ ደግሞ ነገሩ በምክር ቤት እንደተነሳና ብዙ ሰው ንጉሡ የካደው ከልቡ ሳይሆን በአማካሪዎቹ ግፊት ነው ብሎ እንደሚያምን ጽፏል፣ ይሄን ትተህ የምትሄደው በምን ምክንያት ነው አለኝ። አልተውኩትም። ግን ጸሐፊው የጻፈው በ1486 ነው፣ ሪቻርድ ከሄንሪ ጋር ሲዋጋ ቦስዎርዝ ጦር ሜዳ ላይ ከወደቀ በኋላ፣ ኤልሳቤጥ የሄንሪ 7ኛ ሚስት ሆና በተቀመጠችበት ጊዜ። ደግሞም ብዙ ሰው ያምን ነበር ማለት የሰውን ግምት መመዝገብ ነው፣ ንጉሡ ተናገረ የሚለው ቃል አላመጣም። በምክር ቤት አንድ ሰው ሐሳቡን አንስቶት ሊሆን ይችላል፣ ይሄን አልክድም፣ ከዚያ ወደ እቅድ ለመድረስ ግን ብዙ መንገድ አለ።

ከ15 እስከ 17 ያለው ጠብ ነው። 15ኛው ኤልሳቤጥ ራሷ ትወደው ነበር፣ ደብዳቤዋ አለ ብሎ በትልቁ ጻፈ፣ ሰው የሚደብቀው እውነት ምናምን እያለ። 16ኛው ውሸታም ብሎ ሰደበው፣ አድሚን ግማሹን አጥፍቶታል። 17ኛዋ ገብታ ጉዳዩን አስተካከለችው። ደብዳቤ የሚባለው ጆርጅ ባክ የተባለ ሰው በ1619 አካባቢ በጻፈው የሪቻርድ ታሪክ ላይ የጠቀሰው ነው፣ ማለትም ነገሩ ካለፈ ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ። ኤልሳቤጥ ለኖርፎክ መስፍን ለጆን ሃዋርድ ጽፋ ከንጉሡ ጋር እንዲያማልዳት ለመነች፣ ፌብሩዋሪ እያለቀ ንግሥቲቱ ግን የምትሞት አትመስልም ብላ ሰጋች ነው የሚለው። ዋናውን ደብዳቤ ባክ አየሁት ይላል እንጂ ከሱ ሌላ አየሁ ያለ የለም፣ አሁንም የለም። የባክ የእጅ ጽሑፍ ራሱ በ1731 የኮተን ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ተጎድቷል፣ በ1646 የታተመውም የወንድሙ ልጅ ልጅ እየቆራረጠ የለወጠው ነው። ደብዳቤው ኖሮም ቢሆን የምትጠይቀው የትኛውን ጋብቻ እንደሆነ ግልጽ አይደለም። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ያጎቷ ሚስት እንድትሞት ትመኝ ነበር እያሉ በተቃጠለ ወረቀት ላይ ስሟን ማጥፋት ያሳዝነኛል፣ ከልቤ ነው የምለው።

18ኛ። የምጠብቀው ሰው መጣ። ፖርቱጋል! አን በሞተች በስድስተኛው ቀን፣ ማርች 22 ቀን 1485፣ ሰር ኤድዋርድ ብራምፕተን ወደ ፖርቱጋል ተላከ። ይዞት የሄደው ጥያቄ ሁለት ጋብቻ ነው፣ ሪቻርድ የንጉሥ ጆን 2ኛን እህት ልዕልት ጆአናን እንዲያገባ፣ ኤልሳቤጥ ደግሞ የቤዣውን መስፍን ማኑኤልን እንድታገባ፣ በኋላ ማኑኤል 1ኛ ተብሎ የነገሠውን ማለት ነው። ነገሩ ሲታይ ሁሉም ይገጣጠማል፣ ጆአና የሪቻርድ የዮርክ ቤት ለዙፋን ሲዋጋው ከኖረው ከላንካስተር ቤት ዘር ናት፣ ቅድመ አያቷ የጆን ኦፍ ጎንት ልጅ ፊሊፓ ነች፣ ስለዚህ የዮርክና የላንካስተር ቤት ያለ ሄንሪ ቱዶር ይታረቃል፣ ኤልሳቤጥም ባሕር ተሻግራ ስለምትዳር ሄንሪ መሐላውን ይዞ ይቀራል። 11ኛው ያለው ማሳጣት በዚህ መንገድ ነው የሚፈጸመው። የሁለቱ ስም በአንድ የጋብቻ ድርድር ውስጥ አብሮ መነሳቱ ለሐሜት በቂ ነው፣ ንጉሡ ሊያገባ ነው፣ ኤልሳቤጥም ልታገባ ነው የሚለው ከአንድ ክፍል ወጥቶ ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

19ኛዋ ፖርቱጋል የምትኖር ናት፣ አቬሮ ከተማ ጆአና የኖረችበትን የዶሚኒካን ገዳም አሁን ሙዚየም ሆኖ ሄዳ አይታዋለች፣ መቃብሯም እዚያው ነው። ልዕልቲቱ ከዚያ በፊት የመጡላትን ጠያቂዎች እንቢ ብላ በምናኔ ለመኖር የቆረጠች ናት፣ በ1490 ሞታ በ1693 ብፅዕት ተብላለች። እዚያ የሚነገረው ትውፊት ወንድሟ ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ሲያስጨንቃት ሰውየው እንደሞተ በራእይ አየች የሚል ነው። ትውፊት ነው፣ ግን ምን ያህል ወደዚያ ጋብቻ እየተገፋች እንደነበር ያሳያል። ደስ የሚል መልስ ነው፣ ፎቶም አያይዛለች።

20ኛው እና 21ኛው ስለ ልብሱ ናቸው። አንዷ በስፌት ሥራ ላይ ያለች ነች፣ በዚያ ዘመን ቀለምና ጨርቅ የማዕረግ ምልክት ስለነበር ለንግሥትና ለዲቃላ ተመሳሳይ መልበስ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም አለች። ሌላው ደግሞ ልጅቱን ለመዳር የሚፈልግ ዘመድ አሳምሮ ያለብሳታል አለ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ ልብሱ ብቻውን የትም አያደርሰንም።

22ኛ መልስ ላይ ቆም አልኩ። የጻፈችው እህት ይሄ ሁሉ ሰው ስለ ሪቻርድና ስለ ኤልሳቤጥ ሲከራከር ስለ አን የጠየቀ የለም አለች። እውነቷን ነው። ይቺ ሴት 28 ዓመቷ ነው። አባቷ ዋሪክ ጦርነት ላይ ሞተ፣ በ14 ዓመቷ መበለት ሆነች፣ አንድ ልጅ ወለደች፣ እሱም በኤፕሪል 1484 ሞተ፣ ክሮውላንድ ወላጆቹ በሐዘን ሊያብዱ እንደደረሱ ጽፏል። ዓመት ሳይሞላው ራሷ ታመመች፣ ሐኪሞች መክረው ንጉሡ ከአልጋዋ ራቀ፣ በሽታው የሚተላለፍ ሳይሆን አይቀርም፣ እና እየሞተች ሳለ ባሏ ሌላ ሊያገባ ነው የሚለው ወሬ እዚያው አጠገቧ ይወራል። ዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረች፣ ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ የተሠራላት በ1960 ነው። መርዙን በተመለከተ አንድም የዘመኑ ሰው አየሁ አላለም፣ ሐሜት ነው ያለው።

23ኛው በሞተችበት ቀን ፀሐይ እንደጨለመች አነሳ፣ ይሄም እውነት ነው፣ ማርች 16 የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። 24ኛው የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ሲል 25ኛው ግርዶሽ በሒሳብ የሚታወቅ ነገር ነው ብሎ ተቆጣ፣ ትንሽ ተነካከሱ። ሁለታችሁም ተዉት፣ ለኛ የሚጠቅመን የለንደን ሰው ያን ቀን ሰማዩን አይቶ ምን አለ የሚለው ነው፣ ሐሜቱ ላይ ነዳጅ ሆኖበታል።

ከዚያ ክሩ አገር ቤት ገባ። 26ኛው በኛም ታሪክ አለ አለና አጼ ዓምደ ጽዮንን (1314-1344) ጠራ፣ የአባቱን ሚስት አገባ ተብሎ መነኮሳት እነ አባ አኖሬዎስ እነ አባ በጸሎተ ሚካኤል ገሰጹት፣ እሱም ገረፋቸው አጋዛቸው ይላሉ ገድሎቹ። 27ኛው የንጉሥ ስም አታጥፋ ብሎ ጮኸ፣ 28ኛው ገድሉን አንብበህ ነው ወይ ብሎ መለሰለት፣ አራት አምስት መልስ እንዲህ ሄደ። 6ኛው ላይ የጻፉልን አባት ናቸው የገላገሉን። ገድል የቅዱሱን ተጋድሎ ሊያሳይ ይጻፋል፣ ዜና መዋዕል ንጉሡን ሊያከብር ይጻፋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ማን ለማን ጻፈው ብሎ ማንበብ ነው፣ የእንግሊዙም እንደዚያው ነው አሉ። የልዩነቱን ነገር ግን እኔ ልጨምር፣ በኛ ነገሥታት ፊት ቆሞ የገሰጸ መነኩሴ በስሙ ይታወቃል፣ በሪቻርድ ጉዳይ ግን ሊቃውንቱ የመጡት በአማካሪዎቹ ተጠርተው ነው።

33ኛው ላይ አንድ ሰው የሪቻርድ አጽም በ2012 ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥር እንደተገኘ፣ በእህቱ በኩል በተወረሰ ዲኤንኤ እንደተለየ፣ በማርች 26 ቀን 2015 በካቴድራሉ በክብር እንደተቀበረ ጻፈ። 34ኛዋ ወዲያው ልዑል ዓለማየሁን አነሳች። ለነሱ ንጉሥ ከ500 ዓመት በኋላ ይሄ ሁሉ ሲደረግ ከመቅደላ በ1868 ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ የሞተው የኛ ልጅ ዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ቀርቷል፣ በ2023 አጽሙ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን መቃብር ሳንነካ አይቻልም ብሏል። ከርዕሱ ወጣን የሚሉ ነበሩ፣ 35ኛው በተለይ በጣም ከረር አለ። እኔ ግን መልሷ ይቆይ ብያለሁ፣ የኤልሳቤጥ አባት ኤድዋርድ 4ኛ የተቀበረውም እዚያው ዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፣ ስለ አንድ ቦታ ነው የምናወራው፣ ቁጣዋም የሁላችንም ቁጣ ነው።

36ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ሚስቱ በሞተች በስድስት ቀን መልእክተኛ የላከ ሰው ያው ጨካኝ አይደለም ወይ አለ። ፈጥኗል፣ አዎ። ግን ወራሽ የሌለው ንጉሥ ነው፣ ጠላቱ ፈረንሳይ ተቀምጦ ጦር እያሰባሰበ ነው፣ በዚያ ዘመን የንጉሥ ጋብቻ የአገር ጉዳይ ስለሆነ ምክር ቤቱም ዝም አይለውም። ጨካኝ ነው ብትሉኝ አልጣላችሁም፣ የወንድሙን ልጅ ሊያገባ ነበር ስትሉኝ ነው ማስረጃ የምጠይቀው። 37ኛዋ ኤልሳቤጥ በዚያ በጋ ወደ ሰሜን ሸሪፍ ሃተን ግንብ መላኳን አስታወሰች፣ ሊያገባት ያሰበ ሰው ከቤተ መንግሥት ያርቃታል ወይ ስትል። ኦገስት 7 ሄንሪ ዌልስ ላይ ወረደ፣ ኦገስት 22 ሪቻርድ ሞተ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1486 ሄንሪና ኤልሳቤጥ ተጋቡ፣ እነሱም ዘመዳሞች ስለነበሩ በፓፓ ፈቃድ። ማኑኤል ደግሞ በኋላ ሦስት ጊዜ አገባ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ሲሆኑ ሦስተኛዋ የነሱው የእህት ልጅ ናት፣ 8ኛው ይሄን ቢያውቅ ኖሮ ይጠቅሰው ነበር።

የመጨረሻው መልስ 38ኛው ነው፣ ብራምፕተን የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል። ፖርቱጋላዊ አይሁድ ሆኖ ተወልዶ እንግሊዝ ሲጠመቅ የክርስትና አባቱ ኤድዋርድ 4ኛ ነበር፣ ከሪቻርድ ሞት በኋላ ፖርቱጋል ገባ። የሚገርመው ሚስቱን ተከትሎ በአገልጋይነት ሊዝበን የሄደ አንድ ልጅ ነበረ፣ ስሙ ፐርኪን ዋርቤክ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከግንቡ ያመለጠው የኤልሳቤጥ ወንድም እኔ ነኝ ብሎ ሄንሪ 7ኛን ያስጨነቀው። እሱ የራሱ ክር ይፈልጋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እከፍተዋለሁ፣ 10ኛውና 17ኛዋ እንዳትቀሩ።